«ቪዛ ስፖንሰርሺፕ አለው» የሚል የመምህር ሥራ ሲመጣ ከየት ይጀመራል?

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህችን ማስታወቂያ ሳያያት አይቀርም። «ለካናዳ፣ ለእንግሊዝና ለዱባይ መምህራን ይፈለጋሉ። ቪዛ ስፖንሰርሺፕ አለው። ቦታው ውስን ነው።» ከሥር ስልክ ቁጥር ይከተላል። ሰውም ይደውላል። መደወሉ አያስወቅስም። የመምህር ደመወዝ ከቤት ኪራይ በኋላ ምን እንደሚተርፈው አቶቴም ሆነ ታቦር አካባቢ የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል።

ችግሩ ብዙዎቻችን ነገሩን ከጭራው መያዛችን ነው። ቪዛው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከቪዛው በፊት ሥራው አለ። ከሥራው በፊት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያ አገር እኔን መምህር ብሎ ይቀበለኛል ወይ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ማስታወቂያ ማሳደድ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መጀመሪያ ግን ስፖንሰር ማድረግ ምን እንደሆነ እንየው። አንድ ቀጣሪ ለአገሩ መንግሥት «ይህን ሰው፣ ለዚህ ሥራ፣ በዚህ ደመወዝ እፈልገዋለሁ፤ ኃላፊነቱንም እወስዳለሁ» ይላል። መንግሥትም ቪዛውን ከዚያ ቀጣሪና ከዚያ ሥራ ጋር አስሮ ይሰጣል። በብዙ አገር ቀጣሪው ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ደላላ፣ «የቪዛ አማካሪ» ወይም ለንደን ያለ የአክስት ልጅ የመምህርነት ሥራ ቪዛ ስፖንሰር ሊያደርግ አይችልም። የሚችለው ቀጣሪው ነው። በአሜሪካ የመምህራን ልውውጥ ፕሮግራም ደግሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሰየመው ድርጅት ነው።

ደስ የሚለው፣ ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ስም ዝርዝር ሚስጥር አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ሙሉ ዝርዝሩን ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል። የኔዘርላንድስ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። አሜሪካም የሰየመቻቸውን ድርጅቶች ስም ታሳውቃለች። ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ የትምህርት ቤቱን ስም ይዛችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። እንግሊዝ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በርካታ ትምህርት ቤቶችን በሚይዝ አንድ ተቋም ሥር ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ከጠፋ የሚያስተዳድረውን ተቋም ወይም የአካባቢውን አስተዳደር ስም ሞክሩ። ስሙ ተገኘ ማለት ደግሞ ክፍት ቦታ አለ ማለት አይደለም። ስፖንሰር ማድረግ ይችላል ማለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚበላባት ነጥብ አለች። እንግሊዝ ቀጣሪው የሚሰጠው «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት» ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይደለም። በመንግሥት ሲስተም ውስጥ የሚመዘገብ መረጃ ነው፤ ለእናንተ የሚደርሳችሁ መለያ ቁጥሩ ነው። ከተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ማመልከቻ ካልገባበት ያልፍበታል። ስለዚህ አንድ ሰው በዋትሳፕ ባንዲራና ማኅተም ያለው የሚያምር ሰርተፍኬት ከላከላችሁ ማማሩ ራሱ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል።

ስፖንሰርሺፕ አለ ማለት ወጪው ሁሉ ተሸፈነ ማለትም አይደለም። በእንግሊዝ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያና የጤና አገልግሎት ክፍያ ቀጣሪው ልሸፍን ካላለ የአመልካቹ ናቸው። የጤናው ብቻ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ የሦስት ዓመቱ በአንዴ ሲከፈል 3,105 ይሆናል። ቀጣሪው «የመጀመሪያውን ወር ኑሮውን እኔ እችላለሁ» ብሎ ካላረጋገጠ ደግሞ 1,270 ፓውንድ ለ28 ተከታታይ ቀን ባንክ ውስጥ መቀመጡን ማሳየት ያስፈልጋል። «ሥራውን ሰጥተናችኋል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ከደስታው ጋር የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የቱን እናንተ ትከፍላላችሁ?» ይሁን። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ መምህር ነኝ ወደሚለው እንምጣ። እኛ አገር አንድ ሰው በፊዚክስ በአፕላይድ ዲግሪ ይመረቅና ፒጂዲቲ፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ሥልጠና፣ ጨምሮ ክፍል ይገባል። ሌላው የድሮውን የትምህርት ዲግሪ ይዞ ለዓመታት አስተምሯል። ሦስተኛው ፒጂዲቲም ሳይኖረው በግል ትምህርት ቤት ጎበዝ የተባለ መምህር ነው። እዚህ ሦስቱም «ቲቸር» ናቸው። ውጭ አገር ስትሄዱ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመምህርነት ሥልጠና ያልወሰደ ሰው፣ ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ በብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሮች ላይ ይቆማል።

አውስትራሊያን ለምሳሌ ውሰዱ። ለስደት ዓላማ የመምህራንን ብቃት የሚመዝነው አይትስል የሚባለው ተቋም ነው። ቢያንስ የ4 ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ይፈልጋል፤ የመምህርነት ሥልጠናው በውስጡ መኖር አለበት። በተጨማሪ ክትትል የተደረገበት ቢያንስ 45 ቀን የማስተማር ልምምድ ይጠይቃል። የእኛ የ3 ዓመት ዲግሪ ብቻውን ይጎድላል። ላዩ ላይ ፒጂዲቲ ሲጨመር ግን ሒሳቡ መልክ ይይዛል። እዚያች የማስተማር ልምምድ ላይ ነው ጣጣው። ትራንስክሪፕታችን ላይ «ፕራክቲከም» ተብሎ ክሬዲት አወር ይጻፋል እንጂ ስንት ቀን ክፍል ውስጥ እንደቆማችሁ አይጻፍም። ስለዚህ ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ የቀኑን ቁጥር የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛውም ቀላል አይደለም። የአካዳሚክ አይኤልትስ ውጤት ለንባብና ለጽሑፍ 7፣ ለመናገርና ለማዳመጥ 8 ነው። ዕድሜ ልኩን በእንግሊዝኛ ያስተማረ ሰውም ሳይዘጋጅ ገብቶ 8 ላያገኝ ይችላል።

በእንግሊዝ የመምህርነት ዕውቅናውን ከውጭ ሆኖ በኦንላይን መጠየቅ የሚቻልበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 ተጀምሯል። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ላይ የሠለጠናችሁበትን አገር ይጠይቅና ብቁ መሆን አለመሆናችሁን ይነግራችኋል። ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት እሱን ሙሉ። ለነፃ ማመልከቻ «ላስሞላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ የሚሸጥላችሁ የራሳችሁን አንድ ሰዓት ነው።

አሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። ለመምህራን የሚሆነው ጄ-1 የተባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። ዲግሪ፣ ቢያንስ የ2 ዓመት የማስተማር ልምድ፣ በቂ እንግሊዝኛ እና የሚሄዱበትን ስቴት መስፈርት ማሟላት ይጠይቃል። ከሁሉም ሰው የሚዘነጋው ግን ይህ ነው፦ በመርህ ደረጃ አመልካቹ በሚያመለክትበት ጊዜ በአገሩ እያስተማረ ያለ መምህር መሆን አለበት። በቅርብ ከፍተኛ ዲግሪ ለጨረሱ ልዩ ሁኔታ አለ። ሌላው ሰው ግን «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ብሎ መልቀቂያ ቢያስገባ ራሱን ከመስፈርቱ ውጭ ያደርጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቪዛው ፓስፖርት ላይ እስኪመታ ድረስ ክፍላችሁን አትልቀቁ።

ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛ ለመምህራን የሚጠቀሙ የትምህርት ወረዳዎች ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በወጣ ትእዛዝ ከአገር ውጭ ላለ አዲስ ተቀጣሪ ቀጣሪው 100 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ለአንድ የሒሳብ መምህር ይህን የሚከፍል ትምህርት ቤት ይኖራል ብዬ አላስብም። በዚህ ቪዛ ስም ቃል የሚገባላችሁ ካለ በጥርጣሬ ስሙት።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ሆይ፣ ለናንተ መራር ዜና አለኝ። «እንግሊዝኛ ማስተማር በየትኛውም ዓለም ያስቀጥራል» የሚባለው ለፓስፖርቱ እንጂ ለችሎታው አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ኢ-2 የተባለውን የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ በዋናነት የምትሰጠው ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ቻይናም በመርህ ደረጃ ለእንግሊዝኛ አስተማሪነት አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ከሆነ አገር የመጣ ሰው ትፈልጋለች። እዚያ ላይ «በተማሪ ቪዛ ግባና አስተምር» የሚል አለ። በቻይና በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው። ሲያዙ የሚታሰረውና የሚባረረው አስተማሪው ነው፤ የላከው ደላላ ቀጣዩን ሰው እያነጋገረ ይሆናል። ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። ግን ሕጉ ይህ ነው። የፊዚክስ፣ የሒሳብ፣ የኬሚስትሪ ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ከእንግሊዝኛ መምህሩ የተሻለ ዕድል የሚኖረው ለዚህ ነው።

ካናዳን ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ በአጭሩ ልለፈው። የመምህርነት ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ነው። ያን ሳያወጡ ከሐዋሳ ሆኖ በካናዳ መንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠር እጅግ ከባድ ነው። የቴሌግራም ማስታወቂያዎቹ ካናዳን መጀመሪያ ላይ የሚጽፉት ሥራው ስላለ ሳይሆን ስሟ ስለሚጣፍጥ ይመስለኛል።

ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። በዱባይ፣ በአቡዳቢና በዶሃ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ ወይም የሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ የግል ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ዱባይ ላይ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል የመምህሩን ቅጥር ማጽደቅ አለበት፤ እሱም የተረጋገጠ ዲግሪ ይጠይቃል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሥራ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 33፣ እ.ኤ.አ. 2021) ቀጣሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳይወስድ ይከለክላል። ኳታርም ሠራተኛው ቀጣሪ ለመቀየር የቀድሞውን ፈቃድ ይጠይቅ የነበረበትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2020 አስቀርታለች። ወጥመዱ ቪዚት ቪዛ ነው። «መጀመሪያ በቪዚት ግቡ፣ እዚያ ይቀየራል» ይባላል። ሄዶ ቃለ መጠይቅ ማድረግ አንድ ነገር ነው። በቪዚት ቪዛ ክፍል ገብቶ ማስተማር ግን ሕገ ወጥ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ቢከለከሉ እንኳ አቤት ለማለት ያስቸግራል።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ደላላ ያለበት መንገድ አላቸው። በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የፒኤችዲ ቦታ በአብዛኛው ሥራ ነው። እንደማንኛውም ቅጥር ይወጣል፣ ደመወዝና ውል አለው፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም ዩኒቨርሲቲው ይረዳል። ዩራክሰስ፣ አካዳሚክ ትራንስፈር እና ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በየቀኑ ይለጠፋል። እዚህ «ስኮላርሺፕ» እያልን የምንፈልገው ነገር እዚያ «ክፍት የሥራ ቦታ» በሚለው ሥር ተቀምጦ ያመልጠናል።

ለትምህርት ቤት ሥራ ቴስ የሚባለው ድረ ገጽ የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴርም «ቲቺንግ ቫኬንሲስ» የሚል የራሱ ነፃ ገጽ አለው። ጥሩነቱ፣ ማስታወቂያዎቹ ላይ ትምህርት ቤቱ ቪዛ ስፖንሰር ማድረግ ይችል እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። ጊዜውንም ዕወቁ። የእነሱ ትምህርት ዘመን እንደኛው መስከረም አካባቢ ይጀምራል፤ ቅጥሩ የሚሟሟቀው ግን ከጥር ወዲህ ነው። የእንግሊዝ መምህራን በክረምቱ ለመልቀቅ እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 31፣ በኛ ግንቦት 23 ማለት ነው፣ ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ክፍት ቦታ ይጎርፋል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መፈለግ የሚጀምር መምህር ገበያው ከተበተነ ደርሷል።

ማመልከቻው ላይ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ የሕፃናትን ደህንነት እጅግ ያጠብቃሉ። በሥራ ታሪካችሁ መሃል ክፍተት ካለ ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ወልጄ ነበር፣ ታምሜ ነበር፣ ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ እውነቱን ጻፉት፣ ችግር የለውም። ምስክር የሚሆናችሁን ርዕሰ መምህር እናንተን አልፈው በቀጥታ ይጽፉለታል። እሳቸው ኢሜይላቸውን በወር አንዴ የሚያዩ ከሆነ ሥራው በዚያ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ቀድማችሁ አስታውሷቸው፤ ካስፈለገ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ክፈቱት።

ሰነድ ላይ ሐዋሳ የራሷ ጣጣ አላት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያኔ ዲላ ያለው ኮሌጅም በሥሩ ነበር፤ በኋላ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ብዙ አንጋፋ መምህራን የተማሩት ዲላ ነው፣ ዲግሪያቸው ላይ ግን ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይላል። የውጭ አገር መዛኝ ይህን ስም ሲፈልግ ያጣዋል። ስለዚህ ፋይላችሁ ያለበት ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ የስም ለውጡን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ይዛችሁ ከሆነም ኮስት ሼሪንጉን ጨርሱና ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አውጡ። ይህ ብቻ ወራት ሊበላ ይችላል፤ ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የሚደረግ ነው።

ስምና ቀንም እንዲሁ። ዲግሪው ላይ «ጸጋዬ» በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይጻፋል። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኛ አቆጣጠር ወጥቶ «ዓ.ም.» የሚለው ሳይተረጎም ሲቀር፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ቀድማችሁ ሥራ የጀመራችሁ ይመስለዋል። ሲያወዳድር ቀኑ ከዲግሪው ጋር አይገጥምም። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ለምኑ። የማረጋገጡ ሥራ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን፣ ኤምባሲውንና ከወንጀል ነፃ ማስረጃውን ጨምሮ፣ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ቀድሞ መፈረም እንዳለበት ጠይቃችሁ ውጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ወረቀቱ ተመላሽ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ የራሳችንም ሕግ አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን በቀጣሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛው የተተዉት እንደ ፓስፖርት፣ ሰነድ ማረጋገጫና የጤና ምርመራ ያሉት ናቸው። ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። በእንግሊዝም ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ሥራ ስላገኘላችሁ ከእናንተ ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። እንግዲህ «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት ማስያዣ» ብሎ በቴሌብር ብር አስገቡ የሚል ሰው የትኛውን አገር ሕግ ይዞ እንደሚናገር እሱን ጠይቁት።

ውሉ ሲመጣ ቶሎ አትፈርሙ። ቪዛው ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ የውሉ መቋረጫ አንቀጽ ከደመወዙ ቁጥር እኩል ይነበባል። በእንግሊዝ ሥራው ከተቋረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት ወይም ለመውጣት የሚሰጠው 60 ቀን ነው። የአሜሪካው ጄ-1 እስከ 3 ዓመት ነው፣ እስከ 2 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ከዚያ እንደገና በመምህርነት ለመግባት 2 ዓመት ከአገሪቱ ውጭ መቆየት ይጠይቃል። አንዳንድ ውሎች ደግሞ «ከዓመት በፊት ከለቀቅህ ያወጣሁልህን ትመልሳለህ» የሚል አንቀጽ አላቸው። የትኛውን ወጪ እንደሚያስመልስ በቁጥር ካልተጻፈ ይጻፍልኝ በሉ። በእንግሊዝ ቀጣሪው ለስፖንሰር ፈቃዱ፣ ለሰርተፍኬቱና ስፖንሰር ሲያደርግ መንግሥት ለሚያስከፍለው የክህሎት ቀረጥ የከፈለውን ከሠራተኛው መልሶ መጠየቅ አይችልም። እነዚህን ያስመልሳል የሚል ውል ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት።